ቀይዋ መኪና የምታፈሰው ከየት ነው?

የሚያፈስ ነገር ሁሉ ውሸታም ነው። የጣሪያው ቀዳዳ በበሩ አናት ላይ ይሆንና ጠብታው ትራስዎ ላይ ያርፋል። ወሬም ያው ነው፤ የሰማነው ከጎረቤት፣ ያፈሰሰው ግን ሌላ ቤት። አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለዋል። አልፈርድባቸውም፤ መኪና አልነበራቸውም። ሞተር ላይ ነገር የሚፈለገው ከሥሩ ሳይሆን ከአናቱ ነው። ዘይት ከላይ ይወድቃል፣ የሚታየው ግን ታች ከደረሰ በኋላ ነው። ስንቱ ትልቅ ሰው እንደዚያ አይደል?

ይህን የተማርኩት ወልድያ፣ አንድ የጭነት መኪና ጋራዥ ውስጥ ነው። ከጉባ ላፍቶ ገጠር በአንድ ቁምጣ ወርጄ ሁለት ዓመት ከመኪና ሥር ኖርኩ። ሥራዬም እዚያ ነበር፣ መኝታዬም እዚያው። አለቃዬ ዓይኔን በጨርቅ አስሮ ጣቴን ጣሳ ውስጥ ይነክርና «ምንድን ነው?» ይለኛል። የሞተር ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይት፣ የፍሬን ዘይት። ካወቅሁ ምሳ አለ። ካላወቅሁ የለም። የመጀመሪያውን ወር በጣም ከስቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተሳስቼ አላውቅም። ስለዚያ ዘመን ይህ ይበቃል።

ዛሬ መርሳ ውስጥ የራሴ ጋራዥ አለኝ። ጋራዥ ስል የቆርቆሮ አጥር፣ አንድ የማንጎ ዛፍና ለጭነት መኪና የተቆፈረ ጉድጓድ ማለቴ ነው። ደንበኞቼ አይሱዙ፣ ሚኒባስና ባጃጅ ናቸው። እንግዲህ በጥር የሠርግ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ያለች ቀይ የእሽቅድምድም መኪና ነብር እንደዋጠ ሰው እያጉረመረመች ደጄ ብትቆም ምን ይሉ ነበር? እኔ መጀመሪያ ያየሁት መኪናዋን ሳይሆን ከአስፋልቱ እስከ ደጄ ድረስ የዘረጋችውን ጥቁር የዘይት ክር ነው።

ከውስጧ ሁለት ሰዎች ወጡ። አንዱ መምህር ሞላ፣ የዕለቱ ሙሽራ ነው። ሌላው የአጎቱ ልጅ ናሆም፣ የመኪናዋ ጌታ፣ ማታውን ከአዲስ አበባ የገባ። ሞላ ከረባቱን እንደ ማነቂያ ይዞ ጉዳዩን ነገረኝ። ሙሽራይቱ ትዕግስት ያለችው ሲሪንቃ ነው። ሞላ ሽማግሌ ሊልክ ባሰበ ሰሞን እየተመላለሰ ሲጠይቃት በባጃጅ ነበርና ወንድሞቿ «እህታችንን በሦስት ጎማ ልትወስዳት ነው?» ብለው ሳቁበት። እሱም ተናዶ በናሆም ቀይ መኪና እንደሚወስዳት በሰው ፊት ተናገረ። አባቷም ቃሉን ያዙበት፦ ከስድስት ሰዓት በፊት፣ በተባለችው መኪና፤ አለዚያ ልጄ ከቤት አትወጣም። ሞላ «ጋሼ፣ ዛሬ በባጃጅ ከሄድኩ ሲሪንቃ ውስጥ ስሜ ባጃጅ ሆኖ ይቀራል» አለኝ። እውነቱን ነው። አገራችን ስም ለማውጣት ይቸኩላል፣ ለመርሳት ግን አይቸኩልም።

ናሆም በበኩሉ እኔን ከእግር እስከ ራስ አየና «ይቺ ኮምፒውተር ትፈልጋለች» አለ። ኮምፒውተሩ ዘይት ያሸታል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ስልኩን አውጥቶ አዲስ አበባ ላለው መካኒኩ ደወለ። መካኒኩም ከዚያው ሆኖ ሞተሩ መውረድ እንዳለበት አረጋገጠ። በስልክ ሞተር ማውረድ ቀላል ነው፤ ወገብ አይነካም።

እኔ ግን ሥሯን ማየት ነበረብኝ። ማንሻ ክሪኬን ላስገባ ብል ሆዷ መሬት ለመሬት ነው። ጉድጓዱ ላይ ላውጣት ብል አፉ ላይ ትሰቀላለች። ታዲያ ምን ቀረ? ደቦ! ሞላ ሚዜዎቹንና ድንኳን ሲተክሉ የነበሩትን ሁሉ ጠራ። ከእነሱም ጋር የሞላ ታላቅ አጎት አያ ይመር ከነከዘራቸው መጡ። አጨዳና ውቂያ ሲመሩ የኖሩ ሰው ናቸውና ማንም ሳይጠይቃቸው የደቦው አለቃ ሆኑ። «በሉ፣ ባንድ ትንፋሽ!» ሲሉ የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ሰማይ ተነሣ፣ እኔም የባሕር ዛፍ ግንድ ከጎማዎቿ ሥር አስገባሁ። ናሆም ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

የደቦ ችግሩ ምን መሰለዎት? የተሸከመ ሁሉ ሐሳብ አለው። አንዱ ሚዜ ጠብታው ከኋላዋ ስለሆነ ካምቢዮው ነው አለ። ድንኳን ተካዩ ራዲያተሩ ነው ብሎ ማለ። አያ ይመር ደግሞ ጎንበስ ብለው አዩና «ምን አብልታችኋት ነው እንዲህ ያስቀመጣት?» ብለው ናሆምን በቁጣ ጠየቁት። ሁሉም የሚፈርደው ዘይቱ ከታየበት ተነሥቶ ነው። ነገሩ ግን ሌላ ነበር። ሆዷ ሥር እንደ ሽርጥ የታጠቀችው ሰፊ ፕላስቲክ አለ። ዘይቱ ከላይ ሽርጡ ላይ ይወርዳል፣ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ከዚያ ጭራዋ ሥር ጠብ ይላል። ሽርጡን ፈታሁት። ሚዜው ካምቢዮውን ወዲያው ተወው፤ ድንኳን ተካዩ ግን አሁንም ራዲያተሩ ላይ ነበር።

ቀጥሎ ሞተሩን በቤንዚን ጠርጌ አደረቅሁትና ዱቄት አምጡ አልኩ። እርስ በርስ ተያዩ። ደግሜ ዱቄት አልኩ። የሠርግ ቤቱን ማጀት የያዙት የሞላ አክስት እትዬ ዘነቡ ናቸው። ነገሩ ሲነገራቸው «ለእንግዳ ሳይበቃ ለብረት?» ብለው ተቆጡ፤ ግን አንድ ሳህን የስንዴ ዱቄት ይዘው ራሳቸው መጡ። ምን እንደማደርገው ሳያዩ አይሰጡማ። ሞተሩ ላይ በእፍኜ ስነሰንስ «ልትጋግራት ነው እንዴ?» አሉ። ናሆም ወደ ማንጎው ዛፍ ዞረ፤ ያለቀሰ ይመስለኛል።

ሞተሩ ለጥምቀት የለበሰ መሰለ። አስነሡት አልኩ። በእጅ መብራቴ ከአናቱ ጀምሬ ወደ ታች እያየሁ ጠበቅሁ።  የሞተሩ አናት ነጭ። ጎኑ ነጭ። ከዚያ፣ ዘይት ማጣሪያው፣ እኛ ፊልትሮ የምንለው ቆርቆሮ፣ ከሞተሩ ጋር የሚገጥምበት አንገት ላይ፣ ከጤፍ የማትበልጥ ነጥብ ጠቆረች። ነጥቧ ክር ሆነች። ክሩ ወረደ። አጥፉት አልኩና ጣቴን ነክሬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ልማድ ነው። የሞተር ዘይት ነው፤ ገና ያልተቃጠለ፣ አዲስ።

ናሆምን ዘይት የቀየርከው መቼ ነው አልኩት። ከትናንት በስቲያ፣ ለመንገድ ብሎ፣ ከነፊልትሮው። በቃ። ፊልትሮውን ፈታሁና መዳፌ ላይ ሁለት ጥቁር የጎማ ቀለበቶች አሳየሁት። አሮጌው ፊልትሮ ሲወጣ ቀለበቱ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ነበር። የቀየረው ሰው ሳያይ አዲሱን በላዩ ላይ አጠበቀው። ሁለት ቀለበት አንድ ቦታ ላይ አይዝም፤ ሞተሩ ሲጋልብ ዘይቱ በመካከላቸው ይወጣል። ሞተር የሚያስወርድ ቀርቶ ካቻቢቴ የሚያስመዝዝ በሽታ አልነበረም። አያ ይመር ቀለበቶቹን አዩና «ገባኝ፤ የፊተኛዋን ሳይፈታ ሁለተኛዋን አገባ» አሉ። ከዚያም ወደ ሙሽራው ዞረው «አንተም ስማ!» አሉት።

አሮጌውን ቀለበት ጣልኩ። አዲሱን ገጠምኩ። ናሆም በሻንጣው ይዞት በመጣው ዘይት የጎደለውን ሞላሁ፣ ሽርጧን መልሼ አስታጠቅኋት። አስነሣናት፤ አንድ ጠብታ የለም። አምስት ሰዓት ገና አልሞላም ነበር። ናሆም ስልኩን አውጥቶ ለመካኒኩ ሊደውል አለና መልሶ ኪሱ ከተተው። ይህ ለእኔ እንደ ሽልማት ነው።

መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆንስ ብለው ከነቱታዬ ሚዜዎቹ ሚኒባስ ላይ ጫኑኝ። ሲሪንቃ የደረስነው ከቀጠሮው አስቀድመን ነው። ሞላ ከቀይዋ መኪና ሲወርድ ወንድሞቿ ለማየት ተጋፉ። አባትየው ሰዓታቸውን አዩ፣ መኪናዋን ዞሯት፣ ሥሯን ጎንበስ ብለው ፈተሹ፤ «ልጄን አውጧት» አሉ። ትዕግስት በእልልታ ወጣች። ሞላ የመኪናዋን በር ከፈተላት። ያኔ ገና ሁላችንም ውስጧን አየን።

መኪናዋ ወንበሯ ሁለት ነው። አንዱ የናሆም፣ አንዱ የሙሽሪት። ሙሽራውስ? ሞላ መንዳት አይችልም። ናሆም «ቁልፉን ለወለደኝ አባቴም አልሰጥም» አለ። ከጤፍ የምታንስ የዘይት ነጥብ ያገኘሁት ሰውዬ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ሆዷ ውስጥ ስርመጠመጥ ወንበሯን አልቆጠርኩም። ሌላውም አልቆጠረም። ወንድሞቿ መሳቅ ጀመሩ። ያኔ ትዕግስት ቀሚሷን ሰብስባ «እኔ የማገባው ሞላን ነው፤ መኪናውን ያገባ ይሂድበት» ብላ ሚኒባሱ ላይ ወጣች። ሞላም ተከተላት፤ ፊቱ እንደዚያ ሲያበራ አይቼው አላውቅም። ሳቁም እዚያው ቆመ።

አያ ይመር ግን ከዘራቸውን መሬት መቱ። የሙሽራ ወንበር ባዶውን አይሄድም፣ ገድ የለውም አሉ። ከዚያ እኔን አዩ። «ግባ! ካፈሰሰችም ሽታውን ትሰማለህ» አሉኝ። «እርስዎ ይግቡ» ብል «ጉልበቴ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ይታጠፋል?» አሉ። ሽማግሌ ካዘዘ ምን ይደረጋል?

እንዲህ ሆኖ አበባ በታሰረባት ቀይ መኪና፣ ከሰልፉ ሁሉ ፊት፣ መርሳ ገባሁ። መስታወቷ ጥቁር ነው፤ ከውጭ አይታይም። መንገዱን ሙሉ እልል ተባለልኝ፣ ተጨበጨበልኝ። አፍንጫዬን ወደ ሞተሩ ጠጋ አድርጌ አሸተትኩ፤ ደኅና ናት። ድንኳኑ ደጃፍ ስንቆም ቪዲዮ ቀራጩ ካሜራውን ደግኖ ተንበረከከ፣ ከበሮው ደመቀ፣ እትዬ ዘነቡ እጃቸውን ዘርግተው በሩን ከፈቱ። ዘይት የጠጣ ቱታ ለብሼ፣ ጢሜ ላይ ዱቄት እንደተነሰነሰ፣ ቀስ ብዬ ወረድኩ። ቪዲዮ ቀራጩ ካሜራውን ዝቅ አደረገ። እትዬ ዘነቡ ከእግር እስከ ራስ አዩኝና ወደ ሴቶቹ ዞረው «ቁመቷስ ደኅና ነው፤ ጢሟ ግን ትንሽ በዛ» አሉ።

እኔም አንገቴን ደፋሁ። ሙሽራ እንደዚያ ታደርጋለች ሲባል ሰምቻለሁ።