የአይጥ ጅማትና የኦይታ ቁርጭምጭሚት

ስልክ እጠግናለሁ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ይህን ጂንካ ላይ ስንቴ መናገር እንዳለብኝ እንጃ። ግን ያነበብኩትን ካላስረዳሁ እህል አይወርድልኝም፤ ሰውም ይህን ያውቅብኛል።

ጓደኛዬ ኦይታ የሐመር ልጅ ነው፤ ከጂንካ ዲመካ ሰው በሞተር ያመላልሳል። ከብት ሊዘል ጥቂት ቀን ሲቀረው ሞተሩ ወደቀበትና ቁርጭምጭሚቱ አበጠ። ቀኑን እንዳያዛውር፣ በቀሩት ቀናት ልክ የተቋጠረ ገመድ ለየዘመዱ ተልኳል፤ እነሱም በየማለዳው አንድ አንድ ቋጠሮ እየፈቱ ነው። የተፈታውን ማን ዞሮ ይቋጥራል? በሐመር ከብት ሳይዘሉ ማግባት ደግሞ የለም።

አዲስ አበባ ጂም የሚሠራ ዘመዱ ፔፕታይድ የሚሉት መርፌ ያለባት አንዲት ብልቃጥ ላከለት። ጅማት ትጠግናለች ብሎታል። ይዟት ሱቄ መጣ። አስረዳሁት። ፕሮቲን ማለት ረጅም የጨሌ ክር በለው፤ ፔፕታይድ አጭሯ ናት፣ ጥቂት ጨሌ ያላት። ኢንሱሊንም ከዚሁ ወገን ናት፤ እሷ ግን በሰው ተሞክራ የታወቀች መድኃኒት ናት። ይቺኛዋ በአብዛኛው የተሞከረችው በአይጥ ላይ ነው። ብልቃጧም ላይ «ለምርምር ብቻ፣ ለሰው አይደለም» ይላል። አትወጋ አልኩት። ሁሉንም በጥሞና ሰማና፣ «እና የሚወጋው ክንድ ላይ ነው እግር ላይ?» አለኝ።

አጎቱ፣ ሽማግሌው አይኬ፣ ሁሌ ይዘውት በሚዞሩት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር።

«አይጧ ምን ሆና ነበር?»

«ጅማቷ ተበጥሶ።»

«ከዳነች በኋላ ከብት ዘለለች?»

አልዘለለችም አልኳቸው።

«እንግዲያው አይጥ አላምንም። እኔ የማውቀው እንስሳ ላይ ይሞከር።»

ቤታቸው አንድ የሚያነክስ በሬ አለ። ከቆመበት ስለማይነቃነቅ ኦይታ ሲዘል መጀመሪያ የሚረግጠው ጀርባ የእሱ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ከብት በመርፌ መውጋት እንደሆነ የአይኬ እጅ የለመደ ነው። ብልቃጧ በሬው ላይ አለቀች። ኦይታ እግሩን በጨርቅ ጠምጥሞ ቁጭ አለ። ሌላ ምን ያድርግ?

የዝላዩ ቀን በሬዎቹ ጎን ለጎን ተደረደሩ፤ ቀንድና ጅራታቸው ተያዘ። ኦይታ ሊሮጥ ሲል የእኛ ታካሚ የያዙትን ጎረምሶች እየጎተተ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። አላነከሰም። ኦይታ በቀሩት ላይ ዘለለ፣ ተመለሰ፣ ደገመ። አልወደቀም።

ለዝላዩ የመጡት ሴቶች የሚነፉት ጥሩንባ ሳይበርድ ማስረዳት ጀመርኩ። አንድ በሬ ምርምር አይባልም አልኩ። በሬው እረፍት አግኝቶም ሊሆን ይችላል። ማወዳደሪያ ያስፈልጋል፤ አንዱ ተወግቶ፣ ሌላው ሳይወጋ።

«አለ እኮ» አሉ አይኬ። «በሬው ተወጋ፣ ሸሸ። ልጁ አልተወጋም፣ ዘለለ።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ የተወጋ ይሸሻል።»

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ዲመካ ገበያ ደረሰ። ዘመድየው ሌላ ብልቃጥ ቢልክ፣ የዝላይ ተራቸውን ከሚጠብቁት ጎረምሶች መካከል እጁን የሚዘረጋ ጠፋ። እኔ ለሰው አይደለም እያልኩ ለፍቼ አንድ ኦይታን መመለስ አቅቶኛል። አይኬ በተሳሳተ መደምደሚያ አገሩን ሁሉ መለሱ።

ላርማቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት። ስልክ እጠግናለሁ እንጂ ሐኪም አይደለሁም።