ሎርድ ዊንስኮት በማሪዬታ

በየዘመዱ መካከል በሕይወቱ አንድ መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ሰው አይጠፋም። ብዙ ያነበበ ይምታታበታል፤ ምንም ያላነበበ ዝም ይላል። አንዱን ብቻ ያነበበ ግን መጽሐፉን የማያስገባበት ቀዳዳ የለም። ለፊልጶስ የደረሰው እንዲህ ያለው ሰው ነው፤ የባለቤቱ የትዕግስት ታላቅ ወንድም፣ ጋሽ ነጋ።

ክቡርነታቸው ከኤርፖርት ሥራ ጡረታ በወጡ ማግስት፣ ዲኬተር ከተማ ላይ በነጻ ውሰዱ ተብለው ከተደረደሩ መጻሕፍት አንዱን ወፍራም አነሱ። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ሚኒስትር የነበረ የአንድ እንግሊዛዊ፣ የሎርድ ዊንስኮት የሕይወት ታሪክ ነው። ከዚያ ወዲህ በስደት የሚኖሩባት ሊቶኒያ ሰላም አላየችም። የፊልጶስ መኪና መንገድ ላይ ሲቆም፣ ሎርዱም ሠረገላቸው ተሰብሮ ፓርላማ በእግራቸው እንደገቡ ጋሽ ነጋ ይነግሩታል። ክርስትና ላይ ወጡ ጨው ከበዛበት፣ ሎርዱ ስለ ጨው ቀረጥ ያደረጉት ንግግር ይከተላል። ለቅሶ ቤት እንኳ የሎርዱን ቀብር ከነፈረሶቹ ይተርካሉ። ትዕግስት፣ ጋሼን ተወው፣ ሌላ ሱስ የለበትም ስትለው፣ ፊልጶስ መጠጥ ቢሆን ይሻል ነበር ብሎ ያስባል።

የባሰው የመጣው በልጁ በቃለአብ ጉዳይ ነው። ቃለአብ ቢታንያን ሊያገባ ፈልጓል፤ አባቷ አቶ መክብብ ደግሞ ኮሌጅ አቋርጦ የጭነት ትራክ ለሚነዳ ልጅ አልሰጥም ብለው ሽማግሌ ሁለት ጊዜ መልሰዋል። ለሦስተኛው ጊዜ ቅዳሜ እንዲሄዱ የተለመኑት ሽማግሌዎች የሥራ ሺፍት ገባብን ብለው ቀሩ። የተገኙት ጋሽ ነጋ ብቻ ናቸው። ፊልጶስም የልጁ አባት ራሱ መሄዱ ወግ ባይሆንም አብሯቸው ወደ አቶ መክብብ ቤት፣ ወደ ማሪዬታ ነዳ። መንገዱን ሙሉ የለመናቸው አንድ ነገር ነው፦ ሎርዱን መኪናው ውስጥ ትተዋቸው እንዲወርዱ። በእመቤቴ ብለው ማሉለት።

ሳሎኑ ውስጥ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። አቶ መክብብ ልጁ ትምህርቱን ለምን እንደተወ ጠየቁ። ጋሽ ነጋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ኮታቸውን ቆለፉ። ፊልጶስ ዓይኑን ጨፈነ።

"ሎርድ ዊንስኮትም ኦክስፎርድን አቋርጠው ነው የወጡት" አሉ።

ከዚያ ማን ያቁማቸው። ያሸነፉበት ምርጫ፣ የተሸነፉበት ምርጫ፣ የእህል ሕጉ፣ ሹመቱ፣ ሪህ የያዘው እግራቸው። የፊልጶስ የታመመ ወገብ መቆሙን አልቻለውም፤ የሶፋውን መደገፊያ ያዘ። አቶ መክብብ ሰዓታቸውን አይተው አቋረጧቸው።

"እኚህ ሰውዬ የአባታቸው ሎርድነት ነበራቸው። ይሄ ልጅ ከአባቱ ምን አገኘ?"

ጋሽ ነጋ መደገፊያውን ወደያዘው ወደ ፊልጶስ ዞሩ።

"የታመመ አባት" አሉ። "ፊልጶስ በወገቡ ዓመት ሲተኛ ቤቱን ያቆመው ቃለአብ ነው። ትምህርት ጠልቶ አይደለም የወጣው። ለሰው እንዳትናገሩ ብሎ አባትየው አፋችንን ስለያዘ ነው እስከ ዛሬ ያልሰሙት።"

ፊልጶስ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

"እውነት ነው?" አሉት አቶ መክብብ።

"እውነት ነው" አለ። ይህን ከገዛ አፉ ሲያወጣ የመጀመሪያው ነበር።

አቶ መክብብ ተነሥተው ወንበር ስበው ፊልጶስን በእጃቸው አስቀመጡት። ጋሽ ነጋ ግን ገና አልጨረሱም ነበር።

"ሎርድ ዊንስኮትም አባታቸው በታመሙ ጊዜ..."

"ሰጥቻለሁ፣ ጋሽ ነጋ" አሉ አቶ መክብብ እጃቸውን አንሥተው። "ልጄን ሰጥቻለሁ። ይቀመጡ።"

ሲመለሱ ጋሽ ነጋ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ድምፃቸውን አጠፉ። መሐላ አፍርሰዋል፤ የሰው ምስጢርም አውጥተዋል፤ ቁጣውን እየጠበቁ ነው። ፊልጶስም ሊቆጣ አስቦ ነበር። ሁለት ሰማንያ አምስት በተባለው አውራ ጎዳና ላይ የትራፊክ መጨናነቅ ሲይዛቸው ግን የመኪናው ጸጥታ ከበደው።

"ጋሼ" አለ፣ "የሎርዱ አባት ዳኑ?"

ጋሽ ነጋ ቀስ ብለው ዞሩ። የምሩን መሆኑን ከፊቱ አዩና ከአባትየው ልጅነት ጀመሩ። ወደ ቤታቸው የሚያስገባው የሊቶኒያ መውጫ ሲደርስ አባትየው ገና አልታመሙም ነበር። ፊልጶስ መውጫውን እያየ አለፈው።