ደወል የጎደለው ኩዊልት

እትዬ አፀደን በደንብ አላውቃቸውም። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ዳር ዋይትሆል በሚባል ሰፈር በአንድ አጥር ተለያይተን ዘጠኝ ዓመት ኖረናል፤ መኪናዬ ውስጥ ከኔ ያልተናነሰ ተቀምጠዋል፤ ቢሆንም ስለ እሳቸው እርግጠኛ ሆኜ የምናገረው የቤት ቁጥራቸውን ብቻ ነው። እሱንም አንዳንዴ ከራሴ ቤት ቁጥር ጋር አምታታዋለሁ።

እንደ እሳቸው ያለ ሰው ግን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አበሻ በተሰበሰበበት ከተማ ሁሉ አንድ ፈላጊ አይጠፋም። ፈላጊ ማለት ዕቃ የጠፋበት ሰው አይደለም፤ አንድ ዕቃ ጠፍቶበት አገሩን በሙሉ ለፍለጋ የሚያሰማራ ሰው ነው። ሰላም ልትሉት ጠጋ ትላላችሁ፤ የሥራ ድርሻችሁን ተቀብላችሁ ትሄዳላችሁ።

ክብርት እትዬ አፀደ የሚፈልጉት የአንድ ደወል ንድፍ ነው። ድሮ ሊንደን የሚባል ሰፈር ተከራይተው ሲኖሩ፣ ልጃቸው ሔዋን በተወለደች ሰሞን፣ ሚስ ዶሪስ የምትባል አሮጊት ጎረቤታቸው ኩዊልት ሰጠቻቸው፤ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋ ወፍራም የአልጋ ልብስ። አሜሪካ ሁለት መቶ ዓመት ሲሞላት ለመታሰቢያ የሠራችው ነው። አሥራ ሁለት ካሬ አለው፤ አንዱ ላይ መርከብ፣ አንዱ ላይ ንስር፣ አንዱ ላይ ከበሮ። ሔዋን በሱ ተጠቅልላ አደገች። ሰባት ዓመት ሲሞላት የጋለ ካውያ አስቀመጠችበትና ያ ስንጥቅ ያለው የአሜሪካ የነጻነት ደወል የተሰፋበት ካሬ ተቃጠለ። ፍለጋው የተጀመረው ገና ሳታረግዝ ነው፤ አሁን ግን ሔዋን ራሷ በሰኔ ልትወልድ ነው። ኩዊልቱ ሙሉ ሆኖ የልጅ ልጃቸውን ካልጠቀለለ እትዬ አፀደ እንቅልፍ የላቸውም። ሥዕሎቹ የተቆረጡበት የወረቀት ንድፍ ያኔ በፖስታ እየታሸገ ይሸጥ ነበር አሉ።

«ማም፣ ኦንላይን ስንት ደወል አለ። ጀስት ፕሪንት ኢት» ትላለች ሔዋን።

«እሱ የሌላ ሰው ደወል ነው» ይላሉ እናቷ። «ራሱ ካልሆነ አይሆንም።»

ይህችን «ራሱ ካልሆነ አይሆንም» የማያውቅ የኮሎምበስ አበሻ የለም። ከኤርፖርት ተሳፋሪ የሚያመላልሱት ጋሽ ጀማነህ፣ ጸጉሯ የሸበተ ፈረንጅ ባሳፈሩ ቁጥር ደወል ሰፍታ ታውቅ እንደሆነ እንዲጠይቁ ታዘዋል፤ ጉርሻ ቀነሰብኝ እያሉ ያማርራሉ። ከክሊቭላንድ አቬኑ ጨርቅ ቤቶች በአንዱ እትዬ የተቃጠለውን ኩዊልት ከፌስታል አውጥተው ባንኮኒው ላይ ሲዘረጉት፣ ሻጯ ሊመልሱ የመጡ መስሏት ደረሰኝ ጠየቀቻቸው። ሲወጡ እሷም የፍለጋው አባል ሆና ነበር። እኔ ደግሞ ሹፌር ነኝ። እንዴት እንደተሾምኩ አላውቅም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የምንፈልገው እውነተኛ ደወል መስሎኝ፣ ሰው ያገለገለ ዕቃውን ደጁ ላይ በሚሸጥበት አንድ ጋራዥ ሴል ውስጥ የላም ደወል አግኝቼ በኩራት አምጥቼላቸዋለሁ። ተቀበሉኝ። ኩሽናቸው ውስጥ ተሰቅሏል።

ሁለት ዓመት እንዲህ ዞረን፣ በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ጋሃና የምትባል የከተማው ዳርቻ ደረስን። ጋራዥ ሴል ነው ብለን የሄድነው ኤስቴት ሴል ሆነ፤ ሰው ሲሞት ልጆቹ ቤቱን ከፍተው፣ ዕቃው ሁሉ ላይ ዋጋ ለጥፈው የሚሸጡበት ነው። በሩ ላይ የቆመ ስልሳ ዓመት የሚሆነው ግዙፍ ሰውዬ፣ ቤቱ የእናቱ እንደነበረና ባለፈው ወር እንዳረፈች ነገረን።

እትዬ አፀደ ቀጥ አሉ። ሻርፓቸውን አውርደው እንደ ነጠላ አዘቀዘቁት። ገብተውም የአርባ ዶላር ወረቀት የተለጠፈበት ሶፋ ላይ ተቀመጡ።

«ቁጭ በል፣ አንተ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በሰው ሐዘን ላይ ቆመህ ዕቃ ታያለህ?»

ተቀመጥኩ። ገበያተኛው አምፖልና ድስት ይዞ ከፊታችን ይተላለፋል። አንዲት ሴት ሶፋውን ልትገዛ መጥታ ዞር ዞር አለች፤ እትዬ ንቅንቅ አላሉም። ሰውዬው ግራ ገብቶት ደጋግሞ አየን፤ እኔም ግራ ገብቶኝ አየሁት።

«ሶሪ ፎር ዩር ማዘር» አሉት እትዬ። «ታማ ነበር? ብቻዋን ነበረች?»

አማርኛውን ተረጎምኩለት። ሰውዬው መጀመሪያ ቆሞ መለሰ፤ ቀጥሎ የሶፋው ክንድ ላይ ተደገፈ፤ በመጨረሻ መሐላችን ቁጭ ብሎ የእናቱን ነገር ከሆስፒታል ጀምሮ አወራ። ዕቃውን ሊሸጥ ከመጣ ወዲህ ስለ እሷ የጠየቀው ሰው እንደሌለ ነገረን፤ ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ማቀዝቀዣው ነው። ስፌት ትወድ ነበር አለና ምድር ቤት ወርዶ፣ ለሽያጭ ያላወጣውን ካርቶን ይዞ መጣ። ያረጁ ፖስታዎች ናቸው። እትዬ አንዱን ከፈቱ፣ ሁለተኛውን ከፈቱ። ሦስተኛው ላይ እጃቸው ቆመ።

መርከብ፣ ንስር፣ ከበሮ። ደወል፣ ከነስንጥቁ።

«ቴክ ኢት፣ ፕሊስ» አለ ሰውዬው።

እትዬ አፀደ ወረቀቱን እንደነበረ አጥፈው ፖስታው ውስጥ፣ ፖስታውን ካርቶኑ ውስጥ መለሱ። ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርገው በአማርኛ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብለውት ወጡ።

መኪና ውስጥ፣ «እትዬ፣ ራሱ እኮ ነው» አልኩ።

«አይቼዋለሁ።»

«ሰጥቶዎት ነበር እኮ።»

«ለቅሶ ደርሼ ዕቃ ተሸክሜ ልውጣ?»

«ሽያጭ ነው፣ እትዬ። የተቀመጥንበት ሳይቀር ዋጋ ነበረው።»

«እሱ ምን ያድርግ፤ ያስተማረው የለም» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ቀጥለው ለመስኮቱ፣ «ሰኔም ደረሰ» አሉት።

ስልኬን ረሳሁ ብዬ ወረድኩ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሰውዬው ምንም ሳልለው ፖስታውን አቀበለኝና፣ «ኢዝ ሺ ኦኬይ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት፤ እውነቴን ነው።

ፖስታው ጃኬቴ ውስጥ ገብቶ ቤቴ መጣ፣ ጭንቁም አብሮት። ብሰጣቸው ለቅሶ ቤት የዘረፍኩ እኔ ነኝ፤ ባልሰጣቸው ሰኔ እየመጣ ነው። ሦስት ሳምንት መሳቢያዬን እየከፈትኩ ዘጋሁ። በመጨረሻ ሌላ ፖስታ ውስጥ ከትቼ፣ አድራሻቸውን ጽፌ፣ የላኪ ስም ሳላሰፍር በፖስታ ቤት ላክሁላቸው። ጽሑፌን እንዳይለዩት በግራ እጄ ነው የጻፍኩት። ከዚያ በፊት ጽሑፌን አይተውት አያውቁም።

ሁለት ቅዳሜ ሳይደውሉልኝ አለፈ። እረፍት አገኘሁ ማለት ነበረብኝ፤ እኔ ግን መኪናዬን አጥቤ፣ ነዳጅ ሞልቼ፣ ከበር ላይ ስቆም ተገኘሁ። በሦስተኛው ጠሩኝና ገባሁ። ኩዊልቱ ጉልበታቸው ላይ ተዘርግቷል። በተቃጠለው ቦታ ሰማያዊ ደወል ግማሹ ተሰፍቷል፣ ከነስንጥቁ።

አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። «ንድፉን ከየት አገኙት፣ እትዬ?» አልኩ።

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ምንጣፉን በሙሉ አጥንቼ እስክጨርስ። ከዚያ መርፌውንና ክሩን ዘረጉልኝ።

«ና እስቲ፣ ይህን ክር አስገባልኝ» አሉ።