የልብ ሐኪሙ ድህነት

ሰው ምክር ይጠላል ሲባል አልቀበልም። ሰው ምክር ይወዳል፤ የሚወደው ግን ለሌላ ሰው ነው። ሐኪም በሬዲዮ ቀርቦ «ጨው ቀንሱ» ሲል የሰማ ሁሉ ወዲያው ትዝ የሚለው ጎረቤቱ ነው። «ይሄን እገሌ በሰማው!» ይላል፤ እያለም ወጡ ላይ ጨው ይነሰንሳል። ሚስቴ ስለ ጤና የተጻፈ ነገር በስልኳ ሲደርሳት ሳታነበው ለእኔ ትልካለች፤ እኔም ሳላነበው ለወንድሜ እልካለሁ፤ ወንድሜ ለማን እንደሚልከው እግዜር ይወቅ። አበው «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ብለዋል። ደግ ብለዋል። ይህን ያሉት ግን ስለ ልብ በሽታ አይመስለኝም፤ ሌላው መከራ ሰውየውን መክሮ ይመልሰዋል፣ የልብ መከራ ግን እየመከረ ይዞት ይሄዳል።

እኔ ጅጅጋ ውስጥ ጫማ እሸጣለሁ። ከደብረ ብርሃን የመጣሁት ለሁለት ዓመት ብዬ ነበር፤ ይኸው ሃያ ሁለት ሞላኝ። ሶማልኛዬ ዋጋ ለመከራከር ይበቃል፣ ለመጣላት ግን አይበቃም፤ በሰላም የኖርኩትም በዚሁ ይመስለኛል። ጫማ ሻጭ መሆኔን ከወዲሁ የምነግራችሁ በኋላ «ይሄ ሰውዬ በእግር መሄድን እንዲህ የሚያሞግሰው ምን አግኝቶበት ነው?» እንዳትሉኝ ነው። አዎ፣ ጥቅም አለኝ። ይኸው ተናዘዝኩ።

ከሱቄ ቀጥሎ የሐጂ ዲሪዬ መጋዘን አለ። ስኳር፣ ዘይት፣ ሩዝና ፓስታ በጅምላ ይሸጣሉ። ሰባ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ጢማቸውን በሂና የሚያቀሉ፣ ሽርጣቸውን ታጥቀው ከጠዋት እስከ ማታ በራቸው ላይ ከወንበር የማይነሱ ሰው ናቸው። ቤታቸው ከመጋዘናቸው በድንጋይ ውርወራ ይደርሳል፤ የሚመጡት ግን በባጃጅ ነው። ሻይ ይጠጣሉ ማለት ደግሞ ስማቸውን ማጥፋት ነው፤ የሚጠጡት በሻይ የራሰ ስኳር ነው። በ2010 ክረምት ከተማዋ ተረብሻ ሱቅ ሲዘረፍ ያንን ወንበራቸውን አንስተው የእኔ ሱቅ በር ላይ አስቀመጡና ሦስት ቀን ሙሉ ቁጭ አሉበት። «ይሄ ሱቅ የማን ነው?» ሲባሉ «የኔ ነው» ይላሉ፤ በሐጂ አንደበት የወጣ ውሸት ያ ብቻ ነው። ስለዚህ አሁን ትንሽ ባሾፍባቸው እንዳትታዘቡኝ፤ እወዳቸዋለሁ፣ እንዲሞቱብኝም አልፈልግም።

ሊሞቱብኝም ነበር። ዓምና አንድ ጠዋት ደረታቸውን ጨብጠው፣ ዝልፍልፍ ብለው ከወንበራቸው ተንሸራተቱ። አፋፍሰን ዶክተር ጉሌድ ዘንድ አደረስናቸው።

ዶክተር ጉሌድ የደገሀቡር ግመል ነጋዴ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ተማረ፣ ባሕር ማዶ ተሻግሮ ደግሞ ልብን ብቻ ለይቶ ተማረ፣ ከዚያ «እዚሁ ቅር» ሲባል አሻፈረኝ ብሎ ጅጅጋ ገባ። ቀኑን ሙሉ የሰው ደረት ሲያዳምጥ ይውላል፤ የሚሰማው ነገር አስደንግጦት ነው መሰለኝ ሕዝቡን መምከር ጀመረ። በሬዲዮ ይመክራል፤ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ይመክራል፤ ኧረ ሠርግ ላይ ይመክራል! ሩዙና ሥጋው ቀርቦ፣ ቅቤው ከላይ እየወረደ፣ እሱ ተነስቶ ስለ ቅባት ይናገራል። ሰዉም እጁን ከሳህኑ ሳያወጣ በጽሞና ያዳምጠዋል። ጅጅጋ አንደበተ ርቱዕ ሰው ትወዳለች። «ማሻአላህ፣ ልጁ ንግግር ያውቃል!» ይሉና ከሰዓት በኋላ ጫታቸውን ይዘው ተቀምጠው ንግግሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይተነትኑታል። ስለ ጫት የተናገረውን ክፍል በተለይ ወደውለት ነበር።

ለሐጂ መድኃኒቱን ከሰጣቸው በኋላ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በሶማሌ ወግ ትልቅ ሰው «አዴር» ይባላል፣ አጎቴ እንደማለት ነው።

«አዴር፣ መድኃኒቱ የሚሠራው ግማሹን ነው። ግማሹ የእርስዎ ነው። በየቀኑ አንድ ሰዓት በእግርዎ ይሂዱ። ካልሄዱ ይሄ ልብ አንድ ዓመት አይሸከምዎትም።»

«የት ነው የምሄደው?»

«የትም።»

«የትም የሚሄድማ እብድ ነው» አሉ ሐጂ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው።

አትፍረዱባቸው። በዚህ አገር ሰው በእግሩ የሚሄደው ምክንያት ሲኖረው ነው። ከብት አርቢው ውሃ ፍለጋ ስንትና ስንት ቀን ይሄዳል፤ ለጤናዬ ነው ሲል ግን ሰምታችሁት አታውቁም። ከተማ ገብቶ ንብረት ያፈራ ሽማግሌ በእግሩ ሲሄድ ከታየ ደግሞ መንገዱ ሁሉ ይቆማል። ባጃጁ ይቆማል፣ አይሱዙው ይቆማል፣ «ሐጂ፣ ምን ገጠመዎት? ይግቡ!» ይላል፤ አልገባም ማለት ስድብ ነው። ሐጂ ዲሪዬ እኔ በሰጠኋቸው ስኒከር (በነፃ! ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም) አንድ ጠዋት ሞከሩት። መቶ እርምጃ ሳይሄዱ ሦስት መኪና ቆመላቸው። በሦስተኛው ተሳፍረው መጡ።

«ደኸየ እንዲባልልኝ ነው?» አሉና ስኒከሩን ካርቶኑ ውስጥ መለሱት።

ዶክተሩ ይህን ሲሰማ «እንግዲያው እኔ እጀምራለሁ» አለ። ሐኪም በእግሩ ከሄደ በእግር መሄድ ክብር ይሆናል፤ ክብር ከሆነ ሐጂ ይሄዳሉ፤ ከሄዱ ይድናሉ። እንከን የማይወጣለት ሐሳብ ነበር፣ አለመሥራቱ ብቻ ነው። መኪናዋ ግቢው ውስጥ ቆማ እንዳታባብለው ብሎ ባቢሌ ላለው ለሚስቱ ወንድም አዋሳትና፣ በዚያ የጅጅጋ ንፋስና አቧራ ቦርሳውን አንግቶ ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት መመላለስ ያዘ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሰዉ ተደነቀ። በሁለተኛው ተጠያየቀ። በሦስተኛው የባቢሌ መንገድ ሹፌር ወሬ ይዞ ከተፍ አለ፤ «የዶክተሩን መኪና ኦቾሎኒ ተጭኖባት አየኋት!» በቃ፣ አለቀ። የሐኪም መኪና ኦቾሎኒ ከጫነች ተሸጣለች ማለት ነው። አንዱ አዲስ አበባ ያለ ሸሪኩ ካደው አለ፤ ሌላው የሕክምና መሣሪያ ከውጭ አስመጣለሁ ብሎ ተበላ አለ። ከሰዓት በኋላ ያለችው የጫት ጉባኤ ወሬውን ስታመነዥገው ቆይታ «ምስኪን፣ ያን ሁሉ ተምሮ!» ብላ አጸደቀችው።

እኔ ዘልዬ ሐጂ ዲሪዬ ዘንድ ሄድኩ። «ሐጂ፣ ሰውየው በእግሩ የሚሄደው ለእርስዎ ብሎ ነው እኮ!» አልኳቸው።

ሐጂ በሐዘኔታ አዩኝ። «ጨዋ ልጅ ነው። ጨዋ ሲደኸይ ለጤና ነው ይላል።»

«እሱ ራሱ በአፉ ነግሮኛል!»

«ታዲያ ምን ብሎ ይንገርህ?»

ተስፋ ቆርጬ ወደ ጫማዬ ተመለስኩ።

ሶማሌዎች ቃራን የሚሉት ነገር አላቸው። ከጎሳቸው አንዱ ሲወድቅ፣ ከብቱ ቢያልቅበት፣ ቤቱ ቢቃጠልበት፣ ተዋጥቶ ይሰጠዋል። እኛ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለን የምንተርተውን እነሱ ይሠሩታል። መለመን ለተቸገረው ነውር ነው፤ እስኪለምን መጠበቅ ደግሞ ለጎሳው ነውር ነው። ሽማግሌ ተነስቶ ቤት ለቤት መዞር አለበት። በስልክ አይሆንም። ሐጂ ዲሪዬ እንደሚሉት ከሆነ በባጃጅም አይሆንም፤ የሰው ችግር ተሸክሞ የሚመጣ ሰው እየተንዶቀዶቀ አይመጣም። እና በከተማው ውስጥ ከዶክተሩ ጎሳ ትልቁ ሽማግሌ ማን ሆነው ተገኙ? ሐጂ ዲሪዬ።

ስኒከሩ ከካርቶኑ ወጣ።

እግዜር ያሳያችሁ! ጎህ ሲቀድ ይወጣሉ። ከጅምላ ተራው እስከ ከብት ገበያው፣ ከከብት ገበያው እስከ ከተማዋ ጠርዝ፣ ሽርጣቸውን ከፍ አድርገው፣ በትራቸውን እየመቱ። ባጃጅ ሲቆምላቸው «ለቃራን ነው» ይላሉ፤ ባለ ባጃጁም ሥራ እንዳሰናከለ ሰው ይቅርታ ጠይቆ ይሄዳል። በየቤቱ ሻይ ይቀርብላቸዋል፤ አንድ ጊዜ ፉት ይሉና «ሌላ ቤት ይጠብቀኛል» ብለው ይነሳሉ። አንድ ቀን ተከትያቸው ወጣሁ። ኮረብታ ላይ ያለው አራተኛው ቤት ስንደርስ በር ደግፌ ማለክለክ ስጀምር ዞር ብለው አዩኝና «ታደሰ፣ ምነው፣ ሐኪም ታይተሃል?» አሉኝ። በኮረብታው ላይ፣ ቀጥ ብለው ቆመው! እንዲህ የዘለፈኝ ሰው ደረቱን ጨብጦ የወደቀው ሰውዬ ነው ብል ማን ያምነኛል?

በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ከሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ የተሰበሰበውን እየነዱ የዶክተሩ በር ላይ ደረሱ። አሥራ ሁለት ጥቁር ራስ በግ፣ ላታቸው ከመስባቱ የተነሳ መራመድ ያቃታቸው። ሁለት ጄሪካን ቅቤ። አንዲት የምትታለብ ግመል። ከሐጂ ዲሪዬ ደግሞ በግል አንድ ኩንታል ስኳር። ያ ልጅ በሬዲዮ ያወገዘው ነገር ሁሉ ተሰልፎ በሩ ላይ ቆመ፤ ጫት ብቻ ነው የቀረው፣ እሱንም የረሱት ይመስለኛል።

ዶክተሩ ክው አለ። ከሶማልኛው የገባኝን ላካፍላችሁ፤ «አዴሮቼ፣ እኔኮ ምንም አልቸገረኝም…» ብሎ ጀመረ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። አንዱማ «ጨዋነቱን እዩት!» ብለው ዓይናቸውን በፎጣቸው ጠረጉ። ሐጂ ዲሪዬ ወደ ፊት ወጡና ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ስለ ልጁ አባት፣ ስለ ጎሳው፣ ስለ አላህ። ረጅም ነው ስላችሁ ረጅም ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ትንፋሽ አላጠራቸውም፤ አንድ ጊዜ እንኳ እጃቸው ወደ ደረታቸው አልሄደም። ዶክተሩ ለመቃወም የከፈተውን አፉን ሳይዘጋ ትክ ብሎ ያያቸዋል።

«አዴር፣ ስንት ቤት ዞሩ?»

«ሁሉንም።»

«በእግርዎ?»

«ታዲያ በምን?»

ዶክተሩ ቀስ ብሎ አንገቱን ደፋና «አላህ ይስጣችሁ። በጣም ቸግሮኝ ነበር» አለ።

በግ ታረደ። ላቱን ቆርጠው ለተቸገረው አቀረቡለት፤ ሽማግሌዎቹ ከበው እያዩት በላ፤ «ጨምር፣ ከስተሃል» እያሉት ጨመረ። እኔ ዓርብ ጾም ስለሆነ ተረፍኩ፤ እንደዚያ ቀን ጾሜን አክብሬ አላውቅም።

በሳምንቱ ዶክተሩ ሐጂን መርምሮ ልባቸው በርትቶ ስላገኘው እሱ ከእሳቸው በላይ ፈካ። ነገር ግን ደስታው ምን ያህል ቆየ? ቃራኑ አለቀ፤ ሐጂ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ፤ ስኒከሩ ወደ ካርቶኑ፣ ስኳሩ ወደ ሻዩ። «ጨረስኩ እኮ!» ይሉናል ስንወተውታቸው። በወሩ እግራቸው ማበጥ ጀመረ፤ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ሳሉ ሲያቃስቱ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ፤ እየሰማሁም ጫማ መደርደር ያቅተኛል። ፈራሁ። ዶክተሩም ፈርቷል። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ በእግሩ (የሚስቱ ወንድም መኪናዋን እስከ ዛሬ አልመለሰም) ሱቄ ገባና ሳይጠየቅ ተቀመጠ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ሌላ ሰው መቸገር አለበት» አለኝ።

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ዙሪያውን መደርደሪያዎቼን ሲያያቸው ቆየና፣ ደህና ዋል እንኳ ሳይለኝ ወጣ። ሐኪም ሲያስብ ሥርዓት የለውም ብዬ አለፍኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሐጂ ዲሪዬ ሱቄ ገቡ። በስኒከር። ወንበር ስስብላቸው እምቢ አሉ፤ ሻይ ልዘዝልዎት ስላቸው እጃቸውን አወናጨፉ። መጥተው ትከሻዬን ያዙኝ።

«ታደሰ፣ ሰምተናል።»

«ምኑን?»

«ዶክተሩ ነግሮኛል። አትደብቀኝ።»

ቀና ስል ከመንገዱ ማዶ ዶክተር ጉሌድ ቦርሳውን አንግቶ ቆሞ የካራማራን ተራራ ያያል፤ ተራራ አይቶ የማያውቅ ነው የሚመስለው። ደሜ ፈላ! ነጋዴ ደኸየ ከተባለ ዕቃ የሚያምነው የለም፤ በሃያ ሁለት ዓመት የገነባሁትን ስም ይሄ ልጅ በአንድ ጠዋት ሊያፈርሰው ነው። በሰበብ ላመልጥ ሞከርኩ።

«ሐጂ፣ ቃራን ለጎሳ አይደለም እንዴ? እኔ የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ።»

ተቆጡ። ከልባቸው ነው የተቆጡት። «ሃያ ሁለት ዓመት ጎረቤቴ ነህ። ታዲያ ጎሳህ ማን ነው?»

እንባዬ መጣ፤ ምን እደብቃችኋለሁ። ከአዲስ አበባ ገና ትናንት የመጣ ዕቃ እስከ ጣሪያ ተቆልሎ ከኋላዬ አለ። ከፊቴ ደግሞ ያበጠ እግር በስኒከር ጠፍንገው፣ እኔን ሊያድኑ አገር ሊያዳርሱ የተነሱ ሽማግሌ አሉ።

አንገቴን ደፋሁ። «ምን ልበልዎት ሐጂ። ከስሬያለሁ።»

«አብሽር፣ አይዞህ» አሉና በትራቸውን አንስተው ወጡ። አካሄዳቸው መጀመሪያ ከበድ ብሎ ነበር፤ የመጋዘናቸውን ማዕዘን ሲያልፉ ፈጠን አሉ። እኔም ልቤ አልችል ብሎኝ ከሱቄ ወጣሁና፣ ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ፣ በኃይል ጮህኩላቸው፤

«ሐጂ! አንድም ቤት እንዳይዘሉ፣ ክፉኛ ነው የከሰርኩት!»