ለፈጣሪ የቀረበ ቅሬታ

ሰው በተሰበሰበበት መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ ሌላው ከሥራ ወጥቶ የት እንደዋለ፣ ምን እንደተናገረ፣ ለማን እንደጸለየ ካላወቀ እህል የማይወርድለት አንድ ሰው አይጠፋም። የተቀጠረው ለሌላ ሥራ ነው። ይሄኛውን በነጻ፣ ለነፍሱ ብሎ ነው የሚሠራው።

ለአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል የደረሱት ክቡር አቶ መዝገብ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው አጣቢዎቹ ናቸው፤ በፊታቸው ግን “ጋሼ” ይሏቸዋል። ሥራቸው የታጠበ አንሶላ ቆጥሮ ማስረከብ ነው። አንሶላው የሚጻፍበት ትልቅ ደብተር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከሸሚዛቸው ኪስ የማትለየው ትንሿ ሰማያዊ ደብተር ግን ሌላ ናት። በእሷ የሚቆጠረው ሰው ነው።

ልብስ ተኳሹ በእረፍት ቀኑ ስልኩ ላይ “ትራንስፖርት አማረረን” ብሎ ጻፈ። ሰኞ ጠዋት አቶ መዝገብ ካውያው አጠገብ ቆመው ጠበቁት።

“አማረረን ያልከው እነማንን ጨምረህ ነው?”

“እኔንና ጎረቤቶቼን።”

“የድርጅቱ ሰርቪስ አለበት?”

“ኧረ የለበትም፣ ጋሼ!”

“የለበትም ብሏል” እያሉ ጻፉ።

የበር ጥበቃው በእህቱ ሠርግ ላይ ስለ አለቆች የቀለደ ጊዜማ፣ ያልተጠሩበት ሠርግ ሄደው ቀልዱን ከሳቁት ሰዎች ብዛት ጋር ይዘውት መጡ። እሳቸው አልሳቁም። ማስረጃ ላይ አይሳቅም። “ለምን እንዲህ ያደርጋሉ?” ያላቸው ሰው ካለ መልሱ ያው ነው፦ “እኔ ምን አገባኝ፣ እንዲመዘገብ ብዬ እንጂ።”

እንዲህ እያሉ ከአጣቢዎቹ አንዷ ላይ ደረሱ።

አጣቢዋ ዝምተኛ ናት። ሥራ ቦታ ከጠዋት እስከ ማታ የምትናገረው ቃል አስር አይሞላም። በረኪናው ጣቶቿን ልጧቸዋል። ለአጣቢዎቹ ጓንት እንዲሰጥ የክፍል ኃላፊውን ሁለት ጊዜ ለምናው፣ ሁለቱንም ጊዜ “ይታያል” ብሏታል። አፏ የሚፈታው እሁድ ጸሎት ቤት ስትቆም ብቻ ነው። እዚያ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትጸልየው። ስለዚህ አቶ መዝገብ ሦስት እሁድ ሙሉ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ሲጽፉ አላየቻቸውም።

ማክሰኞ ደብዳቤ ደረሳት። “የድርጅቱን ገመና ከሥራ ውጭ ለሦስተኛ ወገን አሳልፋ በመስጠቷ” ሐሙስ ቀርባ እንድታስረዳ ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

“ሦስተኛ ወገን ማነው?” አለች ተኳሹን።

“ፈጣሪ ሳይሆን አይቀርም” አላት። ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። የድርጅቱን ስም ያጠፋ እንደሚሰናበት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። እሷ ደግሞ ሁለት ልጆች የምታሳድገው በዚሁ ሥራ ነው።

ሐሙስ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። ለአቶ መዝገብ የምትለውን ስድብ ሆዷ ውስጥ ቋጥራ ነው የመጣችው። እሳቸው ኮት ለብሰው፣ ጸሐፊዋ አጠገብ ቆመው ነበር።

“ጌታዬ፣ የቅሬታ ደንባችን ግልጽ ነው” ብለው ጀመሩ። “መጀመሪያ ለክፍል ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለአስተዳደር፣ ቀጥሎ ለእርስዎ። እሷ ግን ሁላችሁንም ዘላ በቀጥታ ላይ ወጣች።”

“ላይ የት?”

አቶ መዝገብ በጣታቸው ጣሪያውን አሳዩ። ከጣሪያው በላይ ያለው የሆቴሉ ባለቤት ቢሮ ነው። ሥራ አስኪያጁ ክው አለ።

“ባለቤቱ ጋ ሄደች?”

“ከእሳቸውም በላይ።”

“እስቲ ያንብቡት።”

ደብተሯን ገለጡ። “እሁድ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። ከሥራ ሰዓት ውጭ። ከግቢ ውጭ። የደንብ ልብስ አልለበሰችም። የድርጅቱን ስም አልጠራችም።”

ሌላ አሳባቂ ቢሆን ይህን ውጦ ያስቀረው ነበር። አቶ መዝገብ ግን ሰው ያላለውን አይጨምሩም፣ ያለውንም አይቀንሱም። ደግ ነገር ተፈልጎ ከተገኘባቸው ይህችው ብቻ ናት።

ቀጠሉ። “‘አባት ሆይ፣ በረኪናው ጣታችንን በላው። ጓንት ስንለምን ይታያል ይሉናል። የአለቆቻችንን ልብ አራራልን። ደግሞ ምሳቸውን ብቻቸውን ቆመው የሚበሉትን ሰውዬ አስባቸው። አግዳሚው ላይ ማንም ቦታ አይለቅላቸውም። እኔም አልለቀቅሁላቸውም፣ ይቅር በለኝ። አሜን።’”

“አሜን” አለ ሥራ አስኪያጁ ሳያስበው። ጸሐፊዋም አለች። ከዚያ ሁለቱም አፈሩ።

አቶ መዝገብ እስክሪብቷቸውን አወጡ። “አንድ ያልተጣራ ነገር አለ። ምሳውን ቆሞ የሚበላው ሰው ማነው? የየትኛው ክፍል ሠራተኛ ነው? ስሙ ይመዝገብ።”

ሥራ አስኪያጁ አቀርቅሮ ጠረጴዛውን ማየት ጀመረ። ጸሐፊዋ አፏን በእጇ ያዘች። መልስ የሚጠበቀው ከአጣቢዋ ነበር፤ የቋጠረችው ስድብ ጉሮሮዋ ላይ ደርሷል። ቀና ብላ አየቻቸው። እውነትም አላወቁም። እስክሪብቷቸውን ወድረው በቅንነት ይጠብቃሉ።

“አላውቃቸውም፣ ጋሼ” አለች። “ጸሎት መሀል ዝም ብሎ ትዝ ያለኝ ሰው ነው።”

“አላውቃቸውም ብላለች” እያሉ ጻፉ። በዚያች ደብተር ውስጥ የገባው የመጀመሪያ ውሸት ይህ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ከጠረጴዛው ቀና አለ። “እጅሽን አሳዪኝ” አላት። አሳየችው። ብዙ አላየም። “እሁድ የምትጸልዪው እኛን አያገባንም። ሂጂ፣ ሥራሽን ቀጥዪ።” ደብዳቤውን ቀደደው።

ጓንቱ በሳምንቱ መጣ። ልኩ ለሕጻን ይሁን ለአሻንጉሊት አይታወቅም። አቶ መዝገብ ይህንንም መዘገቡ።

ምሳ ሰዓት እንደ ወትሯቸው በሩ ጋ ቆሙ፣ ምሳ ዕቃው በእጃቸው፣ ሰማያዊዋ ደብተር በብብታቸው። ተኳሹ ሲያያቸው ጀርባውን ሰጣቸው። አጣቢዋ ግን አግዳሚው ላይ ፈቀቅ አለች።

“ጋሼ፣ ኧረ ይቀመጡ።”

“ምን አስበሽ ነው?”

“ምንም። ቦታ አለ።”

አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ሊነሱ እንደተዘጋጁ ሆነው ተቀመጡ። ደብተሯንም አወጡ።

“ቦታ አለ ብላለች።”

“ቀንና ሰዓቱን እንዳይረሱ” አለ ተኳሹ፣ ዞር ሳይል።

“ጽፌዋለሁ” አሉ አቶ መዝገብ፣ አፋቸው በጉርሻ ሞልቶ።