ሰላማዊት የምትተኛበት ለቅሶ

በአገራችን ለቅሶም እንደ ሰው ማዕረግ አለው። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ድንኳን ይተከልለታል፣ ንፍሮ ይቀቀልለታል፣ ጎረቤት ሥራውን ጥሎ መጥቶ «አልቅስ፣ ይውጣልህ» ይለዋል። ጨቅላ ሕፃን ሲያለቅስ ግን ይውጣልህ የሚለው የለም። አገር ምድሩ ተረባርቦ ዝም ሊያሰኘው ይነሣል። ወላጆቹም በክፉ ዐይን ይታያሉ። ቆንጥጠውት ይሆን? አስርበውት ይሆን? እናንተስ ብትሆኑ የሕፃን ጩኸት በግድግዳ በኩል ሲመጣባችሁ «ምን አድርገውት ነው?» ብላችሁ አታውቁም? እኔ ብዬ አውቃለሁ፤ ልጅ ከመውለዴ በፊት። ሰው ልጅ ከመውለዱ በፊት ስለ ልጅ የማያውቀው ነገር የለም።

እንግዲህ ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ ቡታጅራ ውስጥ ነው። እኔ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ባለቤቴ ወርቅነሽም የመጣችው ከዚያው ነው፤ በከተማው ዘመድ የሚባል አልነበረንም። ዘመድ የለንም ማለት ምን ማለት እንደሆነ በደንብ የገባን፣ አራስ ሊጠብቁ የመጡት የወርቅነሽ እናት ሰነባብተው ወደ አገራቸው የተሳፈሩ ዕለት ነው። አውቶቡሱ አቧራውን አስነሥቶ ሲሄድ ልጃችን አፏን ከፈተች። ከዚያ በኋላ የዘጋችው ለመጥባት ብቻ ነበር።

ልጅቱን ሰላማዊት ብለናታል። ስሙን ያወጣነው ለቅሶው ከመጀመሩ በፊት ነው።

ጠዋት ጠዋት እውነትም ሰላማዊት ነበረች። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል፣ እኔ ከትምህርት ቤት ወጥቼ በሩን ስገፋ፣ ልክ እኔን ስትጠብቅ እንደቆየች ሁሉ ጉልበቶቿን ወደ ሆዷ ትሰበስብና፣ ፊቷ የበሰለ ቲማቲም ይመስልና፣ ያን ድምፅ ትለቀዋለች። እንዲያ ያለ ድምፅ ከዚያች ጡጦ ከምታህል ደረት እንዴት እንደሚወጣ ዛሬም አይገባኝም። ብናዝላት ታለቅሳለች፣ ብናወርዳት ታለቅሳለች፣ እሹሩሩ ስንላት ደግሞ ዜማው ያልጣማት ይመስል ይብስባታል። በእውነቱ ድምፄ ጥሩ አይደለም። ቢሆንም ከገዛ ልጅ አይጠበቅም።

ምክር ግን አላጣንም። አንዱ ሆዷን በቅቤ እሹ አለን፣ አሸን። አንዷ ጤና አዳም አለችን፣ አደረግን። የግብር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበረ ወዳጄ ትንሽ አረቄ ቅመሱ አለ። ለልጅቱ መስሎኝ ስቆጣው «ለእናንተ ነው እንጂ!» አለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከሰማነው ምክር ሁሉ የረባው ይሄ ነበር።

በመጨረሻ ክሊኒክ ወሰድናት። የክሊኒኩ ሐኪምም አስታማሚም የሆነው ድሬሰር ሆዷን በሁለት ጣቱ መታ መታ አደረገና «ጋዝ ነው» አለ። ወርቅነሽ ክው አለች። «የፋኖሱን?» አለች። ድሬሰሩ ሊያስረዳት አፉን ሲከፍት ልጅቱ ቀደመችው፤ ከዚያ በኋላ የተባለውን የሰማ የለም። ቤት እንደደረስን ወርቅነሽ ጋዙን ቆጥ ላይ ሰቀለችው። የአከራያችን ሚስት እትዬ ከድጃ ወሬውን ሰምተው እየሮጡ መጡና የልጅቱን አፍ አሽትተው «ወላሂ፣ ምንም አይሸትም! ወተት ብቻ ነው!» ብለው ማሉልን። እንዲያም ሆኖ ለብዙ ቀን ቤታችን የሚመጣ ሰው ሁሉ ልጅቱ አጠገብ ሲጋራ አይለኩስም ነበር።

እንቅልፍ ማጣት ሰውን ምን እንደሚያደርግ ያልደረሰበት አያውቀውም። ወርቅነሽ አንድ ቀን ጨው ጨመርኩ ብላ ወጡ ውስጥ የልብስ ሶዳ ጨመረች፤ በላነው፤ ሁለታችንም ምንም አላልንም። እኔ ደግሞ ጎጃሜው፣ አባይን ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ አዙሬ ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ አስገባሁት። ተማሪዎቼ ሥነ ሥርዓት ያላቸው ልጆች ነበሩና ሁሉም ገለበጡት። በዚህ ላይ መጣላት ጀመርን። በምን? በምንም። ሻሽሽሽ ያልሽበት ድምፅ ያናድዳል በሚል። አንድ ቀን «አንተ ቀስ ብለህ መተንፈስ አታውቅም?» ብላኝ ነበር፤ ለመተንፈስ ደጅ ወጣሁ።

ያን ሰሞን አከራያችን ሐጂ ሸምሱ ጠሩኝ። ሐጂ በርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ከመስቃን ገጠር የሚመጣው በርበሬ ግቢያቸው ውስጥ ተሰጥቶ፣ ገዢ እዚያው እየመጣ ያያል። ደግ ሰው ነበሩ። ነገሩ ከብዷቸው ጢማቸውን ሲደባብሱ ቆዩ።

«መምህር» አሉኝ፣ «ልጂቱን አላህ ያሳድጋት። ግን ደንበኞቼ በርበሬውን ሳይቀምሱ ነው እያለቀሱ የሚሄዱት። ሰው እዚህ ቤት ምን እየተደረገ ነው እያለኝ ነው። ወሩ እስኪያልቅ ሌላ ቤት ብታይ...»

በቡታጅራ እንደኛ ልጅ ያለችውን ተከራይ ማን ይቀበላል? ዝናዋ እኮ ከእኛ ቀድሞ ሰፈሩን አዳርሷል። ለወርቅነሽ ነገርኳት። ልጅቱን አንሥታ እቅፌ ውስጥ አስቀመጠችና «ይዘሃት ውጣ። የት እንደምትሄድ አትንገረኝ» አለች። ከዚያ አልጋው ላይ በግንባሯ ተደፋች።

ጋቢዬ ውስጥ ወሽቄያት ወጣሁ። በባሕር ዛፉ አጥር ጥግ ጥጉን፣ ውሻ እየሸሸን፣ ሰው ዘወር እያለ እያየን፣ እሷ ስትጮህ እኔ ስሄድ፣ አንድ ድንኳን ፊት ለፊት ደረስን። አቶ ገብሬ የሚባሉ አናጢ ሞተው ኖሯል። አላውቃቸውም። መመለስ ፈልጌ ነበር፤ ግን ልክ በዚያ ሰዓት ከገጠር የመጡ ዘመዶቻቸው በሌላው በኩል ደረሱ። ደረት እየደቁ፣ «ወንድሜን!» እያሉ፣ ሴቶቹ በአንድ ድምፅ ሙሾውን ሲያወርዱት ምድሩ ተናወጠ። ሰላማዊት ግን ዝም አለች።

ጋቢዬን ገልጬ አየኋት። ዐይኗን አፍጥጣ ታዳምጣለች። እንዳየሁት ነው የምነግራችሁ፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው የባልደረባውን ሥራ ሲመለከት የሚያሳየው ዓይነት ፊት ነበር። ከዚያ አንድ ጊዜ ረዘም አድርጋ ተነፈሰችና ተኛች።

እንዳልነቃነቃት ፈርቼ ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። አግዳሚው ወንበር ሞቅ ይል ነበር። አንገቴ ቀስ እያለ ወረደ። የሰማሁት የመጨረሻ ነገር፣ ከጎኔ አንዱ ሽማግሌ ሌላውን «ማነው እንዲህ አንገቱን የደፋው?» ብሎ ሲጠይቀው የተመለሰለት ነው። «አስተማሪው ነው። ለካ ገብሬን እንዲህ ይወደው ኖሯል!»

ማታ ስገባ ወርቅነሽ ተኝታ ተነሥታ፣ ፊቷ ሰው ሰው ሸቶ ጠበቀችኝ። የሆነውን ስነግራት አላመነችም። በማግስቱ አብራኝ መጣች። እሷ ከሴቶቹ መሀል ገብታ ልጅቱን ታቅፋ፣ ነጠላዋን ዐይኗ ድረስ ስባ ተቀመጠች። ሙሾው ሲጀመር ሁለቱም ተኙ። ሦስተኛው ቀን ሲመጣ የከተማው ሰው መንገድ ላይ ቆብ እያነሣ ሰላም ይለን ጀመር።

ሠልስት ወጣና ድንኳኑ ፈረሰ። ሰላማዊትም ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አሁን የሚቀጥለው ነገር ደስ አይልም፣ ግን ከሰማችሁ ሙሉውን ስሙ። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ በሰፈሩ አለፈ። ከእንቅልፍ ማጣት ዐይኗ የቀላው ወርቅነሽ ቀና ብላ «እግዚአብሔር ይመስገን!» አለች። ወዲያው አፏን በሁለት እጇ ያዘች። አማተበች። እኔም አማተብኩ። ተያየን። ከዚያ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ፣ ሁለታችንም አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ሳቅን። የሞተውን ሰው ነፍስ ይማርና፣ ትዳራችንን ያዳነው እሱ ነው።

በዚህ ዓይነት ያልደረስንበት ለቅሶ አልነበረም። ግብዝነት ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ልጅቷን ታቅፌ ስቀመጥ ሰው የሟቹን ነገር ያጫውተኝ ጀመር። ማን ደግ እንደነበር፣ ማን ከማን ጋር ተኳርፎ እንደሞተ፣ ማን አንድ ዐይና በቅሎ እንደነበረችው። ሳላስበው ለሞቱት እያዘንኩ መጣሁ። በእርግጥ ከማዘኔ በፊት ትንሽ እተኛ ነበር።

ወሩ ሊያልቅ ሲል የሐጂ ሸምሱ ታላቅ ወንድም ሞቱ። በዚያው ግቢ እየኖርን እንዴት ይቀራል? ግን ስንገባ ነገሩ እንዳሰብነው አልሆነም። ምንጣፍ ላይ የተቀመጡት ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ቁርአን ያዳምጣሉ፣ ዱዓ ያደርጋሉ፣ «አላህ ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥህ» ይባባላሉ። ደረት የሚደቃ የለም። የሚጮህ የለም። ሐጂም እንባ ሳያወጡ፣ ፊታቸው እንደ ድንጋይ ሆኖ መሀል ተቀምጠዋል። ልጅቱ እኔ ዘንድ ነበረች። ፀሐይ ዘንበል አለች። በጋቢዬ ውስጥ ጉልበቶቿ ወደ ሆዷ ሲሰበሰቡ ተሰማኝ።

ያ ድምፅ በዚያ ጸጥታ ላይ ሲወድቅ እኔ ልሙት ብዬ ነበር። ሰው ሁሉ ቀና አለ። ቤት ልቀቅ የተባልኩበት ለቅሶ ይዤ፣ ለዚያውም ቤት ልቀቅ ያሉኝ ሰው ሐዘን ላይ! ተነሥቼ እግሬ አውጪኝ ልል ስል ሐጂ የጋቢዬን ጫፍ ያዙ።

«ተቀመጥ» አሉ።

«ሐጂ፣ ይዣት ልውጣ፣ ይቅርታ...»

«ተቀመጥ ብያለሁ። ያሳደገኝ እሱ ነው። አባቴም እሱ ነው። ሰብር አድርግ ተብያለሁ፣ አድርጌያለሁ። እሷን ግን ሰብር አድርጊ ያላት የለም። ተዋት። ለእኔም ታልቅስልኝ።»

ይህን ብለው ጥምጣማቸውን ወደ ዐይናቸው ዝቅ አደረጉት። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰላማዊት ጨርሳ እስክትደክም ድረስ ማንም አልተነሣም። የቤቱ ነገር ከዚያ ቀን በኋላ ተነሥቶ አያውቅም።

የሆድ ቁርጠቱ ደግሞ፣ ማን እንዳመጣው እንዳላወቅን ሁሉ ማን እንደወሰደው ሳናውቅ አንድ ቀን ጠፋ። ከትምህርት ቤት ስገባ ልጅቱ ጣቷን እያየች ትስቃለች። ወርቅነሽ በሩ ላይ ቆማ «እንዳትናገር፣ እንዳትሰማህ» አለችኝ። እኔም በእግሬ ጣት ገባሁ። ከእንግዲህ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ለቅሶ ቤት የምሄደው እንደ ሰው በወጉ ብቻ ነው ብዬ ተዝናናሁ።

ወዲያው የእድሩ ስብሰባ መጣ። እድራችን ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም የያዘ ነበር፤ የቀድሞው ዳኛ አርጅተው አዲስ ዳኛ ሊመረጥ ነው። ሐጂ ሸምሱ ተነሡ። «ይሄ መምህር» አሉ፣ «እዚህ የተወለደ አይደለም። ዘመድ የለውም። ግን ከእኛ መሀል እንደሱ ለሰው ሐዘን የሚደርስ ማነው? የማያውቀውን ሟች እንኳ አንገቱን ደፍቶ፣ ጨቅላ ልጁን ታቅፎ...» ሰው ሁሉ «እውነት ነው!» አለ። አንዳንዱ እንባውን ጠረገ። እኔ መሬቱ እንዲውጠኝ እየለመንኩ ሳለ፣ ከሴቶቹ በኩል ወርቅነሽ ብድግ አለች። ውሸት አትችልም።

«ኧረ ጎበዝ፣ አትሳሳቱ!» አለች። «እኛ የመጣነው ልጅቱን ለማስተኛት ነው! ጩኸት ስትሰማ ነው የምትተኛው። እሱም ተኝቶ ነው እንጂ አዝኖ አይደለም አንገቱን የሚደፋው!»

ስብሰባው በሳቅ ፈነዳ።

«ትሕትናቸውን እዩልኝ!» አለ አንዱ። «ለባሏ ስም እንኳ አትሳሳም! እንዲህ ያለ ቤተሰብ!» አለ ሌላው። በጭብጨባ ተመረጥኩ።

ስንበተን የአቶ ገብሬ ባለቤት፣ እማማ ድንቄ፣ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ፊታቸው ላይ ሳቅ የለም።

«ሚስትህ እውነቷን ነው» አሉኝ። «ባሌ የሞተ ጊዜ አጠገቤ ነበርክ። ስታንኮራፋ ሰምቼሃለሁ።»

«እማማ፣ እኔ እኮ...»

«ዝም በል እስቲ። ያን ቀን አንዱ አሥር ጊዜ አልቅሶልኝ ቡናውን ጠጥቶ ሄደ። አንተ ግን ድንኳኑ ባዶ እስኪሆን ቁጭ ብለህ ነበር፤ ብቻዬን እንዳልሆን። ቢያንኮራፋም ሰው ሰው ነው።» ነጠላቸውን አስተካከሉና ለመሄድ ዞር አሉ። «ደግሞ እድር ለምን መጣህ ብሎ አይጠይቅም፤ ለምን ቀረህ ነው የሚለው።»

ይኸውና ዳኛ ሆኜ፣ የመስቃንን ጭቃ በክረምት እስከ ጉልበቴ እያቦካሁ ስንቱን ለቅሶ ደረስኩ። ልጄ ቤቷ ጭጭ ብላ ተኝታለች። እኔ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ዐይኔን ብጨፍን ብጨፍን እንቅልፍ የለም፤ አሁን ሟቾቹን ሁሉ አውቃቸዋለሁ።