ከሳሽ የቀረበችበት ቀን

በእኛ አገር ሰላምታ ግማሹ ሚዛን ነው። ሰው ደህንነታችሁን ከመጠየቁ በፊት በዓይኑ ይመዝናችኋል። ወላጆቼ ከወሎ መጥተው በሰፈሩበት፣ አቦቦ አጠገብ ባለው ቀበሌ ልጅ ሳለሁ፣ "ወፈርሽ" ማለት ምርቃት ነበር፤ "ከሳሽ" ማለት ደግሞ "ማን በደለሽ?" ማለት። ዛሬ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ "ወፈርሽ" ያላችኋት ሴት ሁለተኛ ሰላም ትለናለች ብላችሁ አትጠብቁ። "ከሳሽ" በሏት፤ ሻይ ትጋብዛችኋለች።

እኔ ከዚህች ቃል ጋር የተለየ ጉዳይ አለኝ። የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ "ከሳሽ እገሊት፣ ተከሳሽ እገሌ" እያልኩ ስጽፍ ነው የምውለው። የሰውነት መክሳቱ "ከሳሽ"ና የፍርድ ቤቱ "ከሳሽ" አንዱ ጠብቆ፣ አንዱ ላልቶ ይነበባል እንጂ ወረቀት ላይ መልካቸው አንድ ነው። ይህን ልብ ያልኩት ግን የመጀመሪያ ልጄን ሳጠባ ነው።

ስወልድ እናቴ መጥታ አረሰችኝ። ገንፎው በቅቤ ተጥለቅልቆ፣ አጥሚቱ በየሰዓቱ እየቀረበ፣ መስኮቱ ብርድ እንዳይመታኝ ተዘግቶ። ጋምቤላ ውስጥ ብርድ ከየት ይመጣል ብላችሁ እናቴን እንዳትጠይቋት፤ እኔ ጠይቄ ተቆጥቻለሁ። እሷ ወደ ቀበሌዋ ስትመለስ የቢሮ ጉርዴ አልቆለፍ አለኝ። ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ "ሲታጠብ ጠቦ ይሆናል" አለና ፈገግ አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው ነው። ስለ መክሳት ስልኬ ላይ ያየሁትን ሁሉ አመንኩ። ቁርስ ቀረ፣ እራት ቀረ፣ ጠዋት ሎሚ በውሃ፣ ምሳ ጎመን። በሦስት ሳምንት የጉርዱ ቁልፍና ቀዳዳው መተያየት ጀመሩ፤ ሰፈሩም "ከሳሽ፣ ከሳሽ" እያለ አደነቀኝ።

በክትባት ቀን ጤና ጣቢያ ሄጄ ሚዛን ላይ ስወጣ ደስ አለኝ። ልጄ ስትመዘን ግን ነርሷ ካርዱን ደጋግማ አየችው። ሕፃኗ ባለፈው ወር ከነበረችበት ንቅንቅ አላለችም። "ማጥባት ራሱ ቀስ እያለ ያቀልሻል፤ አንቺ ካልበላሽ ለሷ ምን ይተርፋታል?" አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ጉርዱ ለመቆለፍ ሁለት ጣት ስለቀረው ግን እሺታዬ ከጤና ጣቢያው በር አላለፈችም። ልጄ ጡት ይዛ ትለቃለች፣ ታለቅሳለች።

ለቅሶዋን በአጥር ማዶ የምትሰማው ጎረቤቴ አጁሉ ናት። አኙዋክ ናት፤ በአማርኛዋ አትሳቁ፣ የእኔን አኙዋክኛ በትዕግሥት የምትሰማ ሴት ናት። ያየኝ ሁሉ "ከሳሽ" ሲለኝ ትሰማለችና ቃሏን የበሽታ ስም አድርጋ ይዛታለች። ቢጨንቃት ለእናቴ ደወለች።

"እማማ፣ ልጅሽ ከሳሽ ሆነ። ሕፃን ያለቅሳል። ቶሎ ና።"

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ እናቴ ደረሰች፤ ከኋላዋ ጋሽ ሰይድ፣ የቀበሌው ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን ይዘው። ከስታለች የተባለችው ልጅ እናቴ ጆሮ ስትደርስ ባሏን ከስሳ ነበር። ባለቤቴ ለምሳ ሲገባ ጋሽ ሰይድ አስቀመጡት።

"የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም፣ ልጄ። ምን አጥፍተህ ነው?"

ባለቤቴ ምንም አላጠፋም። ግን ሽማግሌ ፊት የተቀመጠ ሰው ጥፋት ፈልጎም ቢሆን ያገኛል። አቀርቅሮ "ጉርዱ ሲጠባት... ፈገግ ብያለሁ" አለ። ጋሽ ሰይድ ስንት ጠብ ሲያበርዱ ኖረው እንዲህ ያለ ክስ አልገጠማቸውም።

ይህን ጊዜ አጁሉ የዓሣ ሾርባ በድስት ይዛ ገባች። ነገሩ ሲነገራት ክንዴን ይዛ ከፍ አደረገችው። "ከሳሽ ይሄ ነው" አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

እናቴ ብቻ አልሳቀችም። ክንዴን ተቀብላ በሁለት ጣቷ ለካችው። ልጄን አየቻት፤ እኔን አየችኝ።

"ከሳሽ" አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "እዚህ እንደሰፈርን አንቺን ሳጠባ እኔም ከስቼ ነበር፤ የምበላው አጥቼ ነው። አንቺ ምን አጥተሽ ነው?"

የዚያን ቀን ከሳሿ እሷ ነበረች፤ ተከሳሿ እኔ። ሾርባውን እያለቀስኩ ጠጣሁት።

እናቴ አንድ ወር ከረመች፤ የልጄም ሚዛን ወጣ። ጉርዱን ለአጁሉ እህት ሰጠሁት። ዓመት ሳይሞላ ክብደቴ ሳላስበው ወረደ፤ ያኔ ደግሞ የሚለበስ ጉርድ አልነበረም።

ያቺ ሕፃን ዛሬ ሦስተኛ ክፍል ናት። አጁሉ ወደ ፑኝዶ ሄዳለች። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ከሐዘኑ ወዲህ ሰውነቴ ቀልሏል፤ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ "ከሳሽ፣ እንዴት አምሮብሻል፣ ምን ተጠቅመሽ ነው?" ይለኛል። አመሰግናለሁ እላለሁ። ክንዴን በሁለት ጣት የሚለካልኝ ግን የለም፤ ትናፍቀኛለች።

ቢሮ ውስጥ በየሳምንቱ የምጽፋት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። ለዓመታት ሳላስባት ጽፌያታለሁ፤ አሁን አሁን እሷ ላይ ስደርስ እጄ ይዘገያል።

"ከሳሽ ስላልቀረበች መዝገቡ ተዘግቷል።"